ፈላጭ ቆራጭ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

እትዬ ፉጨት መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ነበረች። ምሳዋን ቆማ ትበላለች፤ ስልክ ስታነጋግር ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ ትመላለሳለች። ሰው ቤት ስትሄድ እንኳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ አንድ እግሯን ወደ በሩ ታዞራለች። የሽመና ክፍሉ መካኒክ፣ "አንቺንስ መቃብር ውስጥ ማን ያስተኛሽ ይሆን?" እያለ ይቀልድባት ነበር።

ፉጨት የእናት የአባቷ ስም አይደለም፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ የወጣላት ነው። የሽመና ማሽኖቹ አንድ ላይ ሲነሡ ጆሮ ሥር ቢጮኹም አይሰማም። እሷ ግን ሁለት ጣቶቿን አፏ ውስጥ ከታ ስታፏጭ በአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ያለችው ሠራተኛ ሳትቀር ቀና ትላለች። አጭር ፉጨት "ክርሽ ተበጥሷል" ማለት ነው፤ ረጅሙ ደግሞ "ወዮልሽ!" ሠራተኞቹ ፊት ለፊት "እትዬ" ይሏታል፤ ዞር ስትል ፉጨት ብቻ። ታውቃለች። ደስ ሳይላትም አልቀረም።

የፈረቃው ተጠባባቂ ኃላፊ ከሆነች ዓመታት አልፈዋል። የቀድሞው ኃላፊ በጡረታ ሲወጡ "ለጊዜው አንቺ ያዢው" ተባለች፤ ያ "ለጊዜው" ግን እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ጨርቅ ሲበላሽ የምትጠየቀው እሷ፣ ሠራተኛ ስትቀር ምትክ ፍለጋ የምትሯሯጠው እሷ። ስብሰባ ላይ ስሟ ሲጠራ ግን ያቺ ቃል ትቀድማታለች፦ ተጠባባቂ። "የምጠብቀው ምን እንደሆነ እንኳ የነገረኝ የለም" ትል ነበር። ቃሏ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሆነችባት፤ አትገድል፣ ደልቶሽ ተራመጂ አትል።

ከዚያ ፋብሪካው ለውጭ ባለሀብቶች ተሸጠና አዲስ ሥራ አስኪያጅ ከባሕር ማዶ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከእንግዲህ ተጠባባቂ የሚባል ነገር የለም፤ ተጠባባቂ የሆነ ሁሉ ከሥራ አስኪያጁ ጋር በእንግሊዝኛ ይነጋገራል፤ ከዚያ ወይ ሹመቱ ይጸናለታል፣ ወይ ይወርዳል።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ መነጽሯን አናቷ ላይ ሰክታ የምትውል ደግ ሴት ናት። እትዬ ፉጨትን ኮሪደር ላይ ያዘቻትና፣ "አትጨነቂ፣ ብዙ አያወራም" አለቻት። "ሁሉንም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። 'ሠራተኞችሽ ምን ዓይነት አለቃ ናት ይሉሻል? በጥቂት ቃላት ግለጪልኝ' ነው የሚለው። ቅጽል አጥኚ።"

"ምን?"

"ቅጽል። ትልቅ፣ ትንሽ፣ ጎበዝ፣ ሰነፍ... እንደዚያ ያለ።"

"እሱማ ምን አለው፣ ጎበዝ እለዋለሁ።"

"በእንግሊዝኛ።"

የእትዬ ፉጨት እንግሊዝኛ ከስምንተኛ ክፍል ጋር አብሮ የቆመ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጨመረችው ማሽኖቹ ላይ የተጻፉትን "ስታርት" እና "ስቶፕ" ቢሆን ነው። ደግነቱ አንድ ልጇ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ቧንቧ ቤቱ ያለ ሰው ውኃ ፍለጋ ምን ያንከራትተዋል?

እናትና ልጅ ብቻቸውን ነው የኖሩት። አባትየው የሞተው ልጅቱ ገና በዳዴ ሳለች ነው። እትዬ ፉጨት በፈረቃ እየሠራች፣ ልጅዋን አንድ ቀን ለእህቷ፣ አንድ ቀን ለጎረቤት እየተወች አሳደገች። ልጅን በሩቁ ሲያሳድጉ ለማባበል ጊዜ የለም። ከቤት ስትወጣ "በሩን ዝጊ፣ ሳህኑን እጠቢ፣ አጥኚ፣ ተኚ" ብላ ነው፤ ስትመለስ "ዘጋሽ? አጠብሽ?" ብላ ነው። ልጅቱ አድጋ፣ ተመርቃ፣ ራሷ የሰው ልጅ የምታስተምር ሆናም "በሩን ዝጊ" አልቀረላትም።

የመጀመሪያው ዕለት እራት እንዳነሡ ልጅቱ ወንበር ሳበችላት። "እማ፣ ተቀመጪ።"

"ቆሜም ይገባኛል።"

"እኔ ክፍል ቆሞ የሚማር የለም።"

እናት ወንበሩ ጫፍ ላይ አረፈች። ልጅቱ ከማዕረግ ጀመረች። ዋና "ቺፍ" ነው፤ ምክትል "ዴፑቲ"፤ ነባርና ከፍ ያለው "ሲኒየር"፤ ከሥር ያለው "ጁኒየር"፤ ተጠባባቂ ደግሞ "አክቲንግ"።

"ቆይ፣ አክቲንግ ድራማ መሥራት አይደለም እንዴ?"

"እሱም ነው። ቃሉ አንድ ነው።"

"በይ እንግዲህ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ቴአትር ስሠራ ኖሬያለሁ! ያውም ያለ ጭብጨባ።"

ልጅቱ ሳቋ መጣ። "አሁን 'ቺፍ' በይ።"

"ቺፍ። ቺፍ። አይ አም ቺፕ።"

"እማ! ቺፕ ርካሽ ማለት ነው!"

"ደሞዜን አይቶ ያልፈዋል።"

ያን ምሽት ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እንደዚያ የሳቁበት ቀን መቼ እንደነበር አንዳቸውም አላስታወሱም።

በማግሥቱ ልጅቱ ወደ ጠባይ ገባች። "ፈርም" ቆፍጣና። "ስትሪክት" ጥብቅ። "ፌር" ለሁሉም እኩል የሚፈርድ። "ኮማንዲንግ" ሲገባ ቤቱ ጸጥ የሚልለት፣ ግርማ ሞገስ ያለው። እትዬ ፉጨት እሷን ቃል ወደደቻት። "ሃምብል" ትሑት ማለት ነው ስትባል ግን እጇን አወናጨፈች። "እሱን ዝለዪው። ትሑት ነኝ የሚል ትሑት የት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ይቺን ደግሞ እንዳትያት፦ 'ቦሲ'።"

"ለምን? አለቃ 'ቦስ' አይደል?"

"ቦስነት ሲበዛበት ነው ቦሲ። እኛ አዛዥ ናዛዥ የምንለው።"

እትዬ ፉጨት ተነሥታ መንጎራደድ ጀምራለች። ልጅቱ አልከለከለቻትም። "ሁለት ቃላት ቀሩ" አለች። "እነዚህን ጠንቀቅ በያቸው፣ ራሳቸው አንድ ነው፣ ጅራታቸው ይለያያል። 'ኦቶሪቴቲቭ' ማለት ቃሉ ክብደት ያለው፣ ሰው አምኖበትና አክብሮት የሚሰማው ነው። 'ኦቶሪቴሪያን' ደግሞ ፈላጭ ቆራጭ። ሰው የሚታዘዘው ፈርቶ ነው።"

"እኔ የቱ ነኝ?"

ልጅቱ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ማስተካከል ያዘች። የተስተካከለ ነበር።

"አንቺን እኮ ነው! የጠየቅኩሽን መልሺ!"

"ይኸው" አለች ልጅቱ ቀስ ብላ።

"ይኸው ምን?"

"'መልሺ' ነው ያልሽኝ።" ቀና አለች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል። "እማ፣ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ከነገሩኝ ሰነበተ። ልነግርሽ እመጣና አፌ ይደርቃል። እኔ ክፍል ያሉ የሰባት ዓመት ልጆች እንኳ እኔን እንደዚህ አይፈሩኝም።"

"ማንን አስፈቅደሽ ነው?" አለች እናት።

አፏ ቀድሟት ነበር። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የሰማችው። ልጅቱ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ፣ አጥባ፣ ደርድራ ወደ ክፍሏ ገባች፤ በሩንም ሳይነግሯት ዘጋችው።

በማግሥቱ እትዬ ፉጨት ፋብሪካ የገባችው ዓይኖቿ ውስጥ አሸዋ የተበተነ መስሏት ነው። ያልተበላሸ ማሽን እያስቆመች መረመረች፤ የተጠረገ ወለል ድጋሚ አስጠረገች። ለዕረፍት ሲወጣ ሴቶቹ በሚቀመጡበት ክፍል በኩል አለፈች። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል፤ አንዷ የሆነ ሰው አነጋገር እየቀዳች ታስቃቸዋለች። እትዬ ፉጨት በሩን ገፋ ስታደርግ ሳቁ እንደ ክር በጠስ አለ። ሁሉም ምሳ ዕቃቸው ላይ አቀረቀሩ። ከዚህ በፊትም ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር፤ ኮማንዲንግ መሆኗ ነው ብላ ልትኮራበትም ትችል ነበር። ዛሬ ግን እንደ ሌባ በሩን መልሳ ወጣች።

መካኒኩን ከአንድ ከተፈታ ማሽን ሥር አገኘችው። በዕድሜ ስለሚበልጣት ጋሼ ነው የምትለው።

"ጋሼ፣ እንደው ልጠይቅህ። ምን ዓይነት አለቃ ነኝ?"

"የፈረቃሽ ጨርቅ እንከን የለውም" አለ ሳይወጣ።

"ስለ ጨርቅ አልጠየቅኩህም።"

መካኒኩ ተንፏቆ ወጣና እጁን በጨርቅ ይወለውል ጀመር። ይኼ ሰው እጁን ሲያጸዳ ከዘገየ የሚናገረው ከባድ ነው። "ያቺን የጥግ ማሽን ላይ ያለችውን ልጅ ታያታለሽ?" አለ። "ነፍሰ ጡር ናት። ለኔ ነግራኛለች። ለጥበቃው ነግራዋለች። እዚህ ግቢ ያለች ድመት ሳትቀር ታውቃለች። አንቺ ታውቂያለሽ?"

አታውቅም። ልጅቱ ሰፊ ሽርጥ መልበስ መጀመሯን አይታ "ክር ይይዝብሻል፣ ጠበብ አድርጊው" ብላ ተቆጥታታለች እንጂ።

እትዬ ፉጨት ነገር ካየች የማትተው ሴት ናትና በማግሥቱ ደግ ልሁን ብላ ተነሣች። አላፏጨችም። ክር የተበጠሰባት ሠራተኛ ዘንድ በእግሯ እየሄደች ትከሻዋን ነካ አድርጋ ፈገግ ትላለች። ሴቶቹ በፍርሃት ሊያልቁ ደረሱ። "ታመመች እንዴ?" አለች አንዷ። "ሊቀንሱን ነው፣ ስንብት ነው ይኼ" አለች ሌላዋ። እትዬ ፉጨት ከዕረፍት ክፍሉ ወንበር ተሸክማ ወደ ጥጓ ማሽን ሄደችና፣ ነፍሰ ጡሯን በማሽኑ ጩኸት ላይ እየጮኸች፣ "ቁጭ በይ! ቁጭ በይ እንጂ!" አለቻት። ልጅቱ የተባረረች መስሏት ማሽኑን አቁማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ሁለት እጆቿን ሆዷ ላይ አድርጋ። ደግነትም ለካ ልምምድ ይፈልጋል። የዚያን ቀን ምርት ከወትሮው አነሰ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ከ"እራት ቀርቧል" እና ከ"ደኅና እደሪ" በቀር ንግግር የለም። ከሥራ አስኪያጁ ጋር የምትገናኝበት ዋዜማ ላይ ግን ልጅቱ ሳትጠየቅ መጥታ ወንበሩን ሳበች።

"ፈርም" አለች።

"ቆፍጣና።"

"ስትሪክት።"

"ጥብቅ።"

"የመጨረሻውስ?"

"ኦቶሪቴቲቭ።"

"ጅራቱን እንዳትስቺ።" የእናቷን የሹራብ ኮሌታ አስተካክላላት ሄደች። እትዬ ፉጨት የተስተካከለውን ኮሌታ ይዛ ብዙ ቆየች።

የሥራ አስኪያጁ ክፍል ምንጣፉ ወፍራም ስለሆነ ኮቴ አይሰማበትም፤ ያ ብቻውን አስፈራት። የሰጧት ወንበር የሚሽከረከር ነው። ዝም ልበል ስትል ወደ ግራ ይዞራል፣ ልቆጣጠረው ስትል ወደ ቀኝ። ሥራ አስኪያጁ አንገተ ረጅም፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ነው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ጎኑ ተቀምጣለች። እንደተባለውም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ።

እትዬ ፉጨት ቃላቱን ከቤት ጀምራ ደርድራ ነው የመጣችው። "ፈርም" አለች። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። "ስትሪክት። ፌር።" እንደገና ነቀነቀ። ወንበሩ ዞረ። እግሯን ተክላ አስቆመችውና የቀረቻትን የመጨረሻ ቃል ባንድ ትንፋሽ ለቀቀቻት፦ "ኦቶሪቴሪያን!"

የሰው ኃይል ኃላፊዋ መነጽሯን ከአናቷ ወደ ዓይኗ አወረደች። ሰውየው ግን ፈገግ ብሎ፣ "ኦቶሪቴቲቭ፣ ዩ ሚን?" አላት። በሩን ራሱ ከፍቶላት "ግቢ" ማለቱ ነው። የሳተችውን ጅራት ዐውቃዋለች። "የስ" ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ "የስ" ደግሞ እንግሊዝኛ አያስፈልገውም። ከንፈሯ ላይ ደርሳም ነበር። ነገር ግን እነዚያ ሆድ የሸፈኑ ሁለት እጆች ዓይኗ ላይ መጡ፤ ቀጥሎም ያ የጠረጴዛ ልብስ ጫፍ።

"ኖ" አለች። "ኖ፣ ሰር። ፒፕል አፍሬድ። ማይ ዶተር አፍሬድ።" እንግሊዝኛዋ አለቀ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ያላትን ሁሉ ጠረገችው። "አይ ኖት ላይክ።"

ሰውየው አመስግኖ፣ ተነሥቶ ጨበጣት። ከወጣች በኋላ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ወረደች።

ውጤቱ ሲመጣ ኃላፊነቱ ለሌላ ፈረቃ ሴት ተሰጠ፤ ለአንዲት ዝምተኛ፣ ድምጿ ከራሷ ጆሮ የማያልፍ ለምትመስል። እትዬ ፉጨት ምክትል ተደረገች። "ራስሽ እኮ ነሽ ራስሽን የከሰስሽው!" አለቻት የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ ሊያስለቅሳት ደርሶ። "እሱ እንኳ ሊያወጣሽ ነበር። ምን ነካሽ?" እትዬ ፉጨት ሐቀኛ ሆኜ ነው ብላ እንዳትኩራራ ተቆጭታለች፤ ተሳስቼ ነው እንዳትል አልተሳሳተችም። እንደ እሳት ነደደች። አውቶቡስ መጠበቅ ስላልቻለች በእግሯ ነጎደች፤ አንዱን ፌርማታ አልፋ ሌላውን፣ ሰው እየገፋች፣ የገፋቻቸውን ይቅርታ ሳትጠይቅ። ቤቷ ስትደርስ ንዴቷ ገና አላለቀም፤ መንገዱ ነው ያለቀባት።

ልጅቱ ሻንጣዋን አልጋ ላይ ከፍታ ግማሽ ያህል አጣጥፋ ከታለች። የሆነውን ስትሰማ ልብሶቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። "አልሄድም። እንደዚህ ሆነሽ ጥዬሽ አልሄድም።"

እትዬ ፉጨት ውስጥ የሆነ ነገር "እሰይ!" አለ። ወዲያው አፈረችበት። እፍረቱ ደግሞ እንደ ልማዱ በጩኸት ወጣ።

"ትሄጃለሽ!"

"አልሄድም አልኩ።"

"ሂጂ ብዬሻለሁ! መልሺ ልብሱን! አሁኑኑ ዝጊው ይኼን ሻንጣ!"

ልጅቱ ሸሚዝ እንደያዘች ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሰች መስሎ ነበር፣ እየሳቀች ነው። "እማ፣ ይኼም እኮ ትእዛዝ ነው።"

እናት አልጋው ላይ፣ ከልብሶቹ አጠገብ፣ ሙሉ በሙሉ ተቀመጠች። "ታዲያ እንዴት ብዬ ልበልሽ?"

"ጠይቂኝ።"

"ምን ብዬ?"

"'መሄድ ትፈልጊያለሽ?' በይኝ።"

ከዚያ ሁሉ የእንግሊዝኛ ቅጽል ይልቅ ይቺ ከበደቻት። መልሱን ስለምታውቀው ነው። ሸሚዙን ከልጅዋ እጅ ወስዳ ማጠፍ ጀመረች፤ አጥፋ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው።

"መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

"አዎ፣ እማ። እፈልጋለሁ።"

"እሺ" አለች እትዬ ፉጨት። ሸሚዙን ሻንጣው ውስጥ አስቀመጠችው።

ልጅቱ ሄደች። እትዬ ፉጨት ደግሞ ምክትልነቱን ተያያዘችው። ከአዲሷ ኃላፊ ጋር መጀመሪያ ላይ ጥሩ አልነበሩም። ያቺ ሴት ማሽን አጠገብ ቆማ፣ "እትዬ፣ ምን ይመስልሻል? ላቁመው ወይስ ልተወው?" ትላታለች፤ እትዬ ፉጨት ወጥመዱን ትፈልጋለች። ወጥመድ እንደሌለው እስክታምን ወራት ፈጅቶባታል፤ አምናም እንኳ አንዳንድ ቀን ሳትጠየቅ ትወስንና ኃላፊዋን ታስኮርፋለች። ማፏጨቷን አልተወችም፤ ማሽን ጨዋ ንግግር አይሰማም። ነፍሰ ጡሯ በሰላም ተገላገለች፤ ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ የሕፃኑን ፎቶ ለሁሉም አሳየች፣ በመጨረሻም ለእትዬ ፉጨት። በመጨረሻ ቢሆንም አሳየቻት።

ቤቱ ግን አላስቀምጥ አላት። ሁለቱ ክፍሎች ሰፉባት። መጋረጃ አውርዳ ታጥባለች፤ አልጋዎቹን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ታዛውራለች፤ ባዶውን ክፍል ጠርጋ ወጥታ ተመልሳ ትጠርጋለች። አንድ ቀን ስልክ አንሥታ ለልጅዋ ደወለች። "እሑድ እመጣለሁ" ልትል አፏን ከፍታ ዋጠችውና፣ "ልምጣ እንዴ?" አለች።

"የዚህ ሳምንት ፈተና እርማት አለብኝ፣ እማ። የሚቀጥለው ሳምንት ይሻላል።"

"ይሻላል። ይሻላል ካልሽ ይሻላል።"

ያን ሳምንት እንዴት እንደገፋችው እሷ ታውቃለች። መካኒኩ፣ "ማሽኖቹን እረፍት ስጪያቸው፣ እየዞርሽ አዞርሻቸው" አላት። ቀኑ ሲደርስ ማንም ሳይቀድማት አውቶቡስ መናኸሪያ ተገኘች። የፊት ወንበር ያዘች፣ ጓዟን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ለልጅዋ የያዘችውን ቋጠሮ ፈትታ አየች፣ አሰረች። መኪናው ሞላ። ሹፌሩ ግን በር ላይ ቆሞ ከሌላ ሹፌር ጋር ስለ ጎማ ያወራል፤ ስለ ጎማ አውርቶ ሲጨርስ ስለ ሌላ ጎማ ጀመረ። እትዬ ፉጨት ታገሠች። የሌላ ሰው መኪና ነው፣ የሌላ ሰው ሥራ ነው፣ ለራሷ ነገረችው። ጓዟን ከጭኗ ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ ጭኗ አዛወረች። ሹፌሩ ሳቀ፤ ጓደኛውን ትከሻውን መታ፤ ሦስተኛ ጎማ ጀመረ።

"ሹፌር!" አለች፤ የኋላ ወንበር ላይ የተኙት ሳይቀሩ ነቁ። "ና ንዳ እንጂ! ልጄ ትጠብቀኛለች!"

ሹፌሩ ጨዋታውን አቋርጦ ዘሎ ገባና ሞተሩን አስነሣ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ "እድሜ ይስጥሽ፣ እህቴ" አሏት።